ሞክሼ መሆን ጥፋት አይደለም

ለ፦ ስም ለሚመዘግቡ፣ ካርድ ለሚያወጡ፣ ሒሳብ ለሚከፍቱና እግድ ለሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሞክሼዎች መዝገብ እንዳይቀላቀል የአሠራር ማስተካከያ ስለመጠየቅ

በየመስኮቱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስም?» ነው። ባለጉዳዩ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ ኮምፒዩተሩ ሰባት ሰው ይደረድራል። ቀጥሎ «የትኛው ነህ?» ይባላል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መለየት የመዝገቡ ሥራ ሆኖ ሳለ ሸክሙ ወደ ባለጉዳዩ ይዞራል። «ያ ሰው እኔ አይደለሁም» ብሎ ማስረዳት ደግሞ «እኔ ነኝ» ብሎ ከማስረዳት ይከብዳል። የራሱን መታወቂያ ያቀርባል፤ የሌላውን ሰው መታወቂያ ከየት ያመጣል?

ይህን የምንጽፍላችሁ በመዝገብ ቤትና በመረጃ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ስም መጠሪያ ይሁን፣ መለያ ግን አይሁን። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። አብዛኛው ነገር በቅጹ፣ በፍለጋውና በጥያቄው አጠያየቅ ይስተካከላል።

አንድ ስም ስንት ዓይነት ሕይወት እንደሚሸከም ለማየት መንግሥቱ የሚለውን ብቻ ውሰዱ። መንግሥቱ ነዋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ የመራው የክብር ዘበኛ አዛዥ ነው። መንግሥቱ ለማ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነው። መንግሥቱ ወርቁ በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታነሣ ጎል ካገቡት አንዱ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር የወጣው የደርግ ሊቀ መንበር ነው። እነዚህን የአባት ስም ይለያቸዋል። ግን የአባት ስምም ሁልጊዜ አይበቃም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብሎ የሚጠራ አንዱ በ1998 ኒውዮርክ ላይ ያረፈውን ባለቅኔ ያስባል፤ ሌላው የኢሕአፓን አመራር አባል ያስባል። ስም ከነአባት አንድ ነው። ሰው የለያቸው አንዱን «ሎሬት»፣ ሌላውን «ደብተራው» እያለ ነው።

ጥንትም እንዲህ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ካሳዎች ንጉሠ ነገሥት ሆነዋል፤ ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ። የፈረስ ስማቸው ግን አባ ታጠቅና አባ በዝብዝ ነውና በዚያ ማንም አያምታታቸውም። ክፍል ውስጥ «አበበ ቁጥር ሁለት»፣ ሰፈር ውስጥ «ከበደ ረጅሙ»፣ ገበያ ውስጥ «አሊ ጨርቅ ሻጩ» ሲባል ሕዝቡ ይህንኑ ሥራ እየሠራ ነው፤ ስሙ ላይ ስም ያልሆነ ነገር ይጨምርበታል። መዝገብ ቤት ያን ጭማሪ ይጥልና ባዶውን ስም ያስቀራል። መለያውን ከጣለ ታዲያ በምትኩ ሌላ መስጠት አለበት።

ስም ለምን እንዲህ ይደጋገማል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም ነገሩ ሥር አልሰደደም። የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። ሦስቱ ስሞች ደግሞ እንደ ዕጣ ከተለያየ ሣጥን አይወጡም። አያት፣ አባትና ልጅ ብዙውን ጊዜ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቋንቋና አንድ አካባቢ ስለሚጋሩ አንዱ ስም ሌላውን ይጎትታል። አባት ገብረ ሥላሴ ከሆነ አያት ወልደ ማርያም ቢሆን አይደንቅም። በሙስሊም ቤተሰብ ልጅን በአያት ስም መጥራት የተለመደ ነውና ዓሊ መሐመድ ዓሊ ሲባል ሦስተኛው ስም አዲስ ነገር አይጨምርም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «የመጨረሻው ስም ይቅደም» የሚል ቅጽ አሕመድ ዓሊን ወደ ዓሊ አሕመድ ይገለብጠዋል፤ ዓሊ አሕመድ ግን የገዛ አባቱ ሊሆን ይችላል። አባትና ልጅ በአንድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ ውጤቱን መገመት አያቅትም።

ለስሌት ያህል እያንዳንዱ ስም ከ100 ሰው በ3ቱ ላይ ይገኛል እንበል። አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ባለበት መዝገብ ስም ከነአባት ብቻ ቢፈለግ 900 ሰው ይመጣል። አያት ሲጨመር ወደ 27 ይወርዳል። የእናት ስም ሲታከልበት ከአንድ በታች ይሆናል። በተግባር ግን ስሞቹ እንዳልነው እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ 27 የተባለው ከዚያ በላይ ይሆናል። የእናት ስም ጉልበቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ሦስቱ ስሞች በአባት መስመር ተደርድረው ሲያልቁ እርሷ ከሌላ ቤት የመጣች አዲስ መረጃ ናት። ስለዚህ የእናት ሙሉ ስም በቅጹ ላይ አስገዳጅ ይሁን። ሲጻፍ መጠሪያዋን ሳይሆን የመዝገብ ስሟን ጠይቁ፤ ልጅ እናቱን በቤት ስም ወይም በክርስትና ስም ብቻ የሚያውቅበት ጊዜ አለና ሁለቱንም መያዝ ይሻላል። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፦ የእናት ስም የሚስጥር ጥያቄ ሆኖ የሚያገለግልባቸው ቦታዎች ስላሉ ከውስጥ መዝገብ ወጥቶ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ዝርዝር ውስጥ አይታተም።

በሞክሼ ጉዳይ የሚፈጠረው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሰው በአንድ መዝገብ መግባቱ ነው። ሁለተኛው አንድ ሰው በሁለት መዝገብ መከፈሉ ነው። ሁለተኛው ያሰለቻል፣ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። የመጀመሪያው ግን ሰው ይገድላል። በሆስፒታል ካርድ ክፍል የአንዱ የፔኒሲሊን አለርጂ በሌላው ካርድ ላይ ከተጻፈ፣ አለርጂ ያለበት ሰው መርፌውን ይወጋል። የደም ናሙና ላይ ስም ብቻ ከተለጠፈ የሞክሼው ደም ዓይነት ይመጣል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ አታዋህዱ፤ ለጊዜው ሁለት መዝገብ ይሁን። ሁለቱን ኋላ ማገናኘት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተቀላቀለን መለየት ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የታካሚ ደኅንነት መመሪያ ታካሚን ቢያንስ በሁለት መለያ ማረጋገጥ እንደሚገባ፣ የአልጋ ወይም የክፍል ቁጥርም መለያ እንዳልሆነ አስቀምጧል። ስምና የካርድ ቁጥር፣ ወይም ስምና የልደት ቀን ማለት ነው። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «አስቴር በቀለ ነሽ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የደከመች፣ በደንብ የማትሰማ ወይም ወረፋዋ እንዳያልፍ የሰጋች ሴት «አዎ» ትላለች። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ፤ መቼ ተወለድሽ?» ሲባል ግን ራሷ መናገር አለባት። የናሙና ብልቃጥ የሚለጠፍበት ታካሚዋ አጠገብ ሆኖ ነው፤ አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ የተደረደረ ብልቃጥ ለሞክሼዎች ወጥመድ ነው። አንድ ሥርዓት ባለበት ክፍል ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ከተኙ በሁለቱም ካርድ ላይ «ሞክሼ አለ» የሚል ቀይ ምልክት ይደረጋል፤ ወጪውም አንድ ማርከር ነው። ራሳቸውን ስተው የሚመጡትንም አትርሱ፤ «ያልታወቀ ወንድ» ተብለው የሚመዘገቡ ሁለት ሰዎች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሞክሼ ናቸው። የገቡበትን ቀን፣ ሰዓትና ተከታታይ ቁጥር ጨምሩበት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ጣጣው ሳይታሰብ ይፈጠራል። ተማሪ በሀ ሁ ተራ ሲደረደር ሞክሼዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመልስ ወረቀታቸው ተከታትሎ ይሰበሰባል፣ ውጤታቸውም ከላይና ከታች ይጻፋል። መምህሩ ዐይኑን አንድ መስመር ካንሸራተተ ውጤት ተለዋወጠ ማለት ነው። የሚበጀው ውጤትን ከስም አጠገብ ሳይሆን ከመለያ ቁጥር አጠገብ መጻፍና በዝርዝሩ ላይ ሞክሼዎች መካከል ሌላ ተማሪ ማስገባት ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። አማርኛ ሌላም ሞክሼ አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ሞክሼ ሆሄያት ይባላሉ። ሞክሼ ሰዎች ሁለት ሰው ሆነው በአንድ መዝገብ ሲገቡ፣ ሞክሼ ሆሄያት አንዱን ሰው በብዙ መዝገብ ይበትኑታል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ነው። «ሥ» ሁለት፣ «ሴ» ሁለት። 6 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ቃሉ ተጣብቆም ተለያይቶም ስለሚጻፍ 48 ደረሰ። ለኮምፒዩተር እነዚህ 48 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ጸሐፊዋ አንዱን ጽፋ «የለም» ሲላት አዲስ ካርድ ትከፍታለች። አንዱ ሰው ሁለት ሆነ።

መፍትሔው ማንም ባለሙያ በአንድ ቀን የሚሠራው ነው። ከሚታየው ስም ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተሰወረ ቁልፍ ይቀመጥ። በዚያ ቁልፍ ውስጥ ሐና ኀ ከነቤታቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግባ። ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብና ነጥብ ይውጡ። ጓንጉል እና ጉዋንጉል ዓይነቶቹም ወደ አንድ ይምጡ። ሰው ሲፈለግ የጠያቂው ጽሑፍ በዚሁ መንገድ አልፎ ከቁልፉ ጋር ይነጻጸር። የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቅር፤ ፊደሉን በግድ አታርሙበት። ፊደል አዋቂ ዘንድ ሠረቀ «ወጣ፣ በራ» ነው፤ ሰረቀ «ሌባ ሆነ» ነው። ሠርቀ ብርሃንን በእሳቱ ሰ ጽፋችሁ መታወቂያ ብትሰጡት ቅር ቢለው አትፍረዱበት።

አኅጽሮት ግን በማንኛውም ቅጽ ላይ ይቁም። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? «ሀ/ማርያም» ኃይለ ነው ወይስ ሀብተ? «ተ/ማርያም» ተክለ ነው ወይስ ተስፋ? የጻፈው ሰው ያውቅ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው አያውቅም። ወረቀት ለመቆጠብ የተፈጠረችው እዝባር የማይገናኙ ሰዎችን ሞክሼ ታደርጋለች። በአሮጌ መዝገብ ላይ ካገኛችኋት እየገመታችሁ አትዘርዝሯት፤ እንዳለች ገልብጡና «ያልተዘረዘረ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ስም ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ሌላ ክስረት አለ። ጠና ተ፣ ቀና ከ፣ ጨና ቸ አንድ ይሆናሉ፤ ግዕዙና ራብዑም እንደዚያው። በአማርኛ ፈጽሞ የማይምታቱ ሰዎች ፓስፖርት ላይ ሞክሼ ይሆናሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ጸ በ«ቲ-ኤስ»፣ በ«ቲ-ዜድ» ወይም በ«ኤስ» ብቻ ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። ቁቤ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ «ሲ» የሚባለው ፊደል ጨን፣ «ኤክስ» ጠን፣ «ኪው» ቀን ይወክላል። ጫላ በቁቤ የተጻፈበትን መታወቂያ ያየ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ልማድ «ካላ» ብሎ ወደ አማርኛ ቢመልሰው ባለስሙ ራሱን አያገኘውም። የላቲኑ አጻጻፍ አንዴ ፓስፖርት ላይ ከወጣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ያንኑ ይገልብጥ፤ በየመስኮቱ እንደ አዲስ አይተርጎም። ፓስፖርት ሥር ያሉት ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ብቻ ይይዛሉ፤ ከመጀመሪያው መስመር ለስም የሚተርፈው 39 ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ የተደረደሩበት ስም እዚያ ላይ ይቆረጣል። የተቆረጡ ሁለት ስሞች ደግሞ በቀላሉ ይመሳሰላሉ።

አሜሪካ ላሉት ወገኖቻችን የታወቀ ሌላ ጉድ አለ። ሰነዱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው የመጀመሪያ ስሙ ቦታ ላይ «ኤፍ-ኤን-ዩ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ይገቡለታል፤ «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው። ማንም አባት ያላወጣው፣ ማንም ቄስ ያላጠመቀበት ስም ብዙ ሰው ይጋራዋል። ፓስፖርት ስታዘጋጁ ስምንና የአባት ስምን በየሣጥኑ ለያይታችሁ ሙሉ፤ ሁለቱን በአንድ ሣጥን አጭቃችሁ ሌላውን ባዶ አትተዉ።

የስም ብቻ ፍለጋ ወዴት እንደሚያደርስ ሰነድ ያለው አንድ ነገር እንጥቀስ። በ2011 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዳብሊን ከተማ አንድ ሰው መኪና ሊገዛ ቀረበ። ሻጩ የብድር ታሪኩን የሰዎችን የብድር መረጃ ከሚያጠናቅረው ከትራንስዩንየን ኩባንያ ሲያስመጣ፣ ስሙ በመንግሥት የማዕቀብ ዝርዝር ላይ ካሉ አሸባሪዎችና ዕፅ አዘዋዋሪዎች ስም ጋር ሊመሳሰል እንደሚችል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። መኪናው አልተሸጠለትም። ኩባንያው ያነጻጸረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር፤ የልደት ቀን እንኳ አላየም። ጉዳዩ 8,185 ሰዎችን ያቀፈ ክስ ሆኖ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለመክሰስ መብት አላቸው ያለው መረጃቸው ለሌላ ወገን የተላለፈባቸውን 1,853 ሰዎች ብቻ ነው። የልደት ቀን የምትባል አንዲት ሣጥን ብትነጻጸር ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ የሚያዘውም በዚሁ ዓይነት ማጣሪያ ነው። መሐመድ ወይም አሕመድ የሚል ስም ያለው ላኪ ወይም ተቀባይ ከዝርዝሩ ጋር በስም ሲገጥም ሐዋላው ይቆማል። ባንኮች ሆይ፦ «ሲስተሙ ያዘው» ብላችሁ አትመልሱት። የትኛው መረጃ እንደጎደለ ንገሩት፤ ብዙውን ጊዜ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታና ሙሉ የአያት ስም ሲላክ ይለቀቃል። በአሜሪካ የሚኖር ሰው የሞክሼው ዕዳ በራሱ የብድር ታሪክ ላይ ከተመዘገበበት በጽሑፍ ሲቃወም ድርጅቱ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ የማጣራት ግዴታ አለበት። እዚያው በአውሮፕላን ጉዞ በተደጋጋሚ የሚያዝ ሞክሼም ለአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አመልክቶ የማረሚያ ቁጥር ማግኘትና ቲኬት ሲቆርጥ ማስገባት ይችላል። እኛም አገር የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ይህ ሰው ያ ሰው አይደለም» የሚል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሰጠው ሌላው የሚቀበለው ወረቀት። ዛሬ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ይሰጣል። ተቃራኒውን ማን ይስጠን?

የልደት ቀን ጥሩ መለያ የሚሆነው እውነተኛ ሲሆን ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው መስከረም 1 ይጻፍለታል፤ በስደት የሄደው ጃንዋሪ 1 ይሰጠዋል። ሁለት ሞክሼዎች ሁለቱም መስከረም 1 ከተወለዱ መለያው ሞተ። ስለዚህ ከቀኑ ጎን «የተረጋገጠ» ወይም «የተገመተ» የሚል ሣጥን ይኑር። የዘመን አቆጣጠሩም ይጻፍ። 01/01/1980 የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1972። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ልዩነት ነው። ለወደፊቱ ተስፋው በልደት ምዝገባ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚል፣ ያኔ የሚጻፈው ቀን ግምት አይሆንም። ወላጆች ሆይ፣ ቀጠሮውን አታሳልፉ።

ለፍርድ ቤቶችና ትእዛዝ ለሚያስፈጽሙ። «በአቶ እገሌ ስም የተመዘገበ ቤት፣ መኪናና የባንክ ሒሳብ ይታገድ» የሚል ትእዛዝ ሲወጣ ስም ብቻ ይዞ ከወጣ፣ የሚደርሰው መሥሪያ ቤት በዚያ ስም ያገኘውን ሁሉ ያግዳል። ዕዳ የሌለበት ሰው የደመወዙን ገንዘብ ማውጣት ሲያቅተው ነው ነገሩን የሚሰማው። ትእዛዙ ላይ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ይስፈር። ከሳሽም ክስ ሲመሠርት እነዚህን ያምጣ። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት በስሙ ከአንድ ሰው በላይ ካገኘ ሁሉንም አግዶ ከመቀመጥ «በዚህ ስም ይህን ያህል ሰው አለ፤ የትኛው ነው?» ብሎ በዚያው ቀን ይጻፍ። የመያዣ ትእዛዝ ይዞ የሚሄድ ፖሊስም እንደዚሁ።

የፋይዳ ቁጥር ብዙውን ያቃልላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ ሥርዓት የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚወስድ ሁለት ሞክሼዎች አንድ ቁጥር አያገኙም። መለያ ቁጥሩ 12 አሃዝ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚታየው ተለዋጭ ቁጥር ደግሞ 16 አሃዝ። አንዱን በሌላው ሣጥን መሙላት የተለመደ ስሕተት ነውና ሣጥኑ አሃዙን ይቁጠር። ዋናው አደጋ ግን ማገናኛው ላይ ነው። አዲሱ ቁጥር ንጹሕ ነው፤ አሮጌው መዝገብ ግን እንደተቀላቀለ ነው። ጸሐፊው በስም ፈልጎ የመጀመሪያውን ሰው ከቁጥሩ ጋር ቢያያይዝ ስሕተቱ በአሻራ ታሽጎ ይቀመጣል። ስለዚህ ስታያይዙ ከስም ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገር ይግጠም፤ የእናት ስም፣ የቀድሞ ፊርማ፣ ወይም ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የመጨረሻ እንቅስቃሴ። አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም የሚጠሩ፣ የስልክ ማውጫቸውን እንኳ በራስ ስምና በሙያ የሚደረድሩ ሕዝብ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቶቻቸው ግን ሰውን የሚለዩት በ10 አሃዝ ቁጥር ነው። ሰው በስሙ ይጠራል፣ በቁጥሩ ይፈለጋል።

የተቀላቀለ መዝገብ እጃችሁ ላይ ካለ እንዲህ ለዩት። መጀመሪያ አዲስ ነገር መጻፍ አቁሙና እንዳለ ቅጂ ያዙ። ሁለት አዲስ መዝገብ ክፈቱ፤ ሦስተኛም አቃፊ አዘጋጁ። እያንዳንዱን ወረቀት ከስም ውጭ ባለው ማስረጃ፣ ማለትም በስልክ፣ በአድራሻ፣ በዕድሜ፣ በፊርማ፣ በደም ዓይነት መድቡ። ማስረጃ የሌለው ወደ ሦስተኛው አቃፊ ይግባ፤ «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ የሚመደብ ወረቀት አይኑር። ሁለቱን ባለቤቶች በተለያየ ቀን ጥሩ፤ የአንዱን ምሥጢር ለሌላው አታሳዩ። ቀጥሎ የተሳሳተው መረጃ ተልኮላቸው ለነበሩ መሥሪያ ቤቶች እርማት ጻፉ። ይህ ደረጃ ይዘለላል፤ ስለሚዘለልም ስሕተቱ ከዓመት በኋላ በሌላ በር ይመለሳል። በመጨረሻ በሁለቱም መዝገብ ላይ «ሞክሼ አለው፣ ቁጥሩ ይህ ነው» ብላችሁ አመልክቱ።

«ስምህን ለምን አትቀይርም?» የሚል ምክር ግን እባካችሁ ይቅር። የስም ለውጥ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማው፣ የቤት ካርታው፣ የጡረታ መዝገቡና የልጆቹ የልደት ወረቀት ሁሉ ከአዲሱ ስም ጋር መያያዝ አለበት። አዲሱ ስምም የራሱ ሞክሼዎች አሉት።

ሥርዓታችሁ በየት እንደሚገኝ ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መፈለጊያው ላይ ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለስላሴ እና ሐይለ ሥላሴ ብላችሁ በየተራ ጻፉ። ሦስቱ ጊዜ የመጣው የሰው ብዛት ከተለያየ፣ ካርዱ ጠፍቶ አዲስ የወጣለት ሰው እዚያው ውስጥ ተከፍሎ ተቀምጧል። ቀጥላችሁ ከመጡት ውስጥ ሁለቱን ክፈቱና የእናት ስም የሚለውን ሣጥን ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ ሥራው ከዚያ ይጀመር።

ከሰላምታ ጋር
በመዝገብ ቤትና በመረጃ ሥራ ላይ ያለን

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍሎች
ለፈተና ክፍሎች
ለአፈጻጸም ችሎቶች
ለሞክሼዎች በሙሉ፣ ባሉበት